የፈረስ ውድድር በኮምፒውተር ለምታሰሉ የጅማ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ከዩኒቨርሲቲያችን በኮምፒውተርና በስታቲስቲክስ ከወጣችሁት መካከል የፈረስ ውድድር ውጤት የሚገምት ሶፍትዌር የምትሠሩ አላችሁ። አንዳንዶቻችሁም ኮዳችሁን አሳይታችሁኛል። ዕድሜዬን በሙሉ ስታቲስቲክስ ሳስተምር ኖሬያለሁና በአንድ በኩል ደስ ብሎኛል፣ በሌላ በኩል ሰግቻለሁ። ስጋቴን ላስቀድም።

ስልካችሁ ላይ የሚሮጡት የኮምፒውተር ፈረሶች ፈረስ አይደሉም። አይደክሙም፣ ጋላቢ የላቸውም፣ ጭቃ አይዛቸውም። አሸናፊውን የሚያወጣው የዘፈቀደ ቁጥር ነው፤ የአቋማሪው ትርፍም ከመጀመሪያው ክፍያው ውስጥ ተሰልቶ ገብቷል። ቁጥር 4 ትናንት ደጋግሞ ማሸነፉ ስለ ዛሬ ምንም አይነግራችሁም። የቱንም ያህል የረቀቀ ኮድ ብትጽፉ እዚያ ውስጥ የሚገኝ ዕውቀት የለም። ቤተሰብ የላከላችሁን ብር እዚያ እንዳታፈሱት እንደ አባት እለምናችኋለሁ።

የእውነተኛው ፈረስ ነገር ሌላ ነው፤ የንጉሡ የአባ ጅፋር መጠሪያ እንኳ የፈረስ ስም በሆነበት ከተማ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሆንግ ኮንግን ውሰዱ። በሻ ቲንና በሃፒ ቫሊ ሜዳዎች የሚወዳደሩት ፈረሶች በአብዛኛው እዚያው የሚኖሩ ስለሆኑ ደጋግመው ይገናኛሉ፤ መዝገባቸውም የተሟላ ነው። ቢል ቤንተር የተባለ አሜሪካዊ በ1980ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ከአውስትራሊያዊው አላን ዉድስ ጋር ሆኖ ውድድርን በኮምፒውተር እያሰላ የመወራረድ ሥራውን የጀመረው እዚያ ነበር። መነሻ ከሆኑት አንዱ ሩት ቦልተንና ራንዳል ቻፕማን በ1986 ያሳተሙት ጥናት ነው። ዘዴው ለእያንዳንዱ ፈረስ የቅርብ ውጤቱን፣ የሚሸከመውን ክብደት፣ ያረፈበትን ጊዜ፣ ጋላቢውንና የመነሻ ቦታውን አይቶ ነጥብ ይሰጣል። ከዚያም ነጥቦቹን ወደ ዕድል ይለውጣል፤ የተሰላፊዎቹ ዕድል ሲደመር 1 ይሆናል።

ቤንተር በ1994 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ደግማችሁ ደጋግማችሁ እንድታነቡት የምፈልገው ቦታ አለ። ሞዴሉ የሰጠውን ዕድል ብቻውን አላመነውም፤ ሕዝቡ በገንዘቡ ከሰጠው ግምት፣ ማለትም ከኦዱ (ፈረሱ ቢያሸንፍ ለ1 ብር ከሚከፈለው) ጋር አዋሐደው። ፈረሱ ጠዋት ሲያነክስ ያየ ሰው አለ፤ ከጋጣ ሠራተኛ ወሬ የሰማ አለ፤ የእነዚህ ሰዎች ዕውቀት ኦዱ ውስጥ ገብቷል፣ እናንተ ዳታ ውስጥ ግን የለም። ብዙዎቻችሁ ግን ኦዱን እንደ ተራ ወሬ ቆጥራችሁ ጥላችሁታል። እባካችሁ መልሱት።

ደግሞ አሸናፊውን ብዙ ጊዜ ማወቅና ማትረፍ አንድ አይደሉም። የማሸነፍ ዕድሉ 0.5 የሆነ ፈረስ ለ1 ብር 1.70 ቢከፍል በአማካይ የምታገኙት 85 ሳንቲም ነው፤ ትከስራላችሁ። ዕድሉ 0.25 የሆነው 5 ብር ቢከፍል ግን አማካዩ 1.25 ነው። የሂርማታ ገበያ ነጋዴም ቡናው ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይገዛም፣ ዋጋውን ይጠይቃል። በዚህ ላይ አዘጋጁ ከተሰበሰበው ገንዘብ ድርሻውን አስቀድሞ ያነሳል፤ በሆንግ ኮንግ በአሸናፊ ፈረስ ውርርድ 17.5 በመቶ ነው። ስለዚህ ከሕዝቡ በጥቂቱ መሻል አይበቃም።

ምን ያህል ገንዘብ እንደምትወራረዱ ደግሞ አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ኬሊ በ1956 ባወጣው ቀመር ትሠሩታላችሁ። ዕድሉ 0.25 ለሆነው ለሁለተኛው ፈረስ ቀመሩ ካላችሁ ገንዘብ 6.25 በመቶውን ብቻ ይፈቅዳል። እኔ ከዚያም በግማሽ ዝቅ በሉ እላለሁ፤ 0.25 ያላችሁት ራሱ ግምት ነውና።

ካየኋቸው ኮዶች ብዙዎቹ የተፈተኑት ነጥብ መስጠትን በተማሩበት በዚያው የውድድር መዝገብ ነው። ያ ፈተና አይደለም። የመጨረሻውን የውድድር ዓመት ቆልፋችሁ አስቀምጡ፤ ሞዴሉ ካለቀ በኋላ አንዴ ብቻ ክፈቱት። የመዝጊያውን ኦድ ተጠቅማችሁ “አተረፍን” ያላችሁም አላችሁ። ያ ኦድ የሚታወቀው ውርርዱ ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ ልትወራረዱበት አትችሉም ነበር። ያን ዓምድ ውርርዱ ሳይዘጋ በነበረው ኦድ ስትተኩት ትርፋችሁ ምን ያህል እንደሚቀር ተመልከቱ።

ነጥብን ወደ ዕድል የሚለውጠው ቀመር ከፈረስ ሜዳ እንዳልመጣም እወቁ። የኢኮኖሚክስ ሊቁ ዳንኤል ማክፋደን ሰዎች ከመጓጓዣ የትኛውን እንደሚመርጡ ለመገመት የሠራበት ነው፤ በምርጫ ትንተና ሥራውም በ2000 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። እዚህ ጅማ ዙሪያ ደግሞ ገበሬው እሸት ቡናውን ለማኅበሩ ይሸጣል፣ ለሰብሳቢ ይሰጣል ወይስ ጀንፈል አድርጎ ያቆያል? ሦስት ምርጫ፣ የየራሱ ዋጋ፣ የየራሱ ርቀት። የጻፋችሁት ኮድ ጥቂት ቢለወጥ ይህን ይመልሳል። መጠይቁን የሚያዘጋጅ ካለ ናሙና አወጣጡን እኔ አግዘዋለሁ።