ራጁ ንጹሕ ነው ማለት ትከሻው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሦስት ሳምንት በፊት በሥራ ላይ ካርቶን ተሸክመሽ ደረጃ ስትወርጂ ወድቀሽ ትከሻሽ ተጎድቷል። ራጅ ተነሥተሽ «ስብራት የለም» ብትባዪም ክንድሽን እስካሁን ከደረትሽ በላይ ማንሣት አልቻልሽም። የኢንሹራንሱ ሐኪም ደግሞ «በዕድሜ የመጣ የጅማት መሳሳት ነው» ብሎ ጽፏል። እኔ ሐኪምም ጠበቃም አይደለሁም፤ ግን በዚሁ መንገድ አንድ ዓመት ተኩል ተንከራትቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

የእኔ ጉዳት የእጅ አንጓዬ ላይ ነበር። መጋዘን ውስጥ ከመሰላል ስወድቅ በመዳፌ መሬቱን ተደገፍኩ። የዚያኑ ዕለት የተነሣሁት ራጅ ምንም አላሳየም፤ «ወለምታ ነው» ተብሎ በፋሻ ታስሮልኝ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ሕመሙ ሦስት ወር ሙሉ አልለቀኝ ሲል ሌላ የአጥንት ስፔሻሊስት ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ራጁን ከማየታቸው በፊት አውራ ጣቴን አስቀስረው ከሥሩ ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ በአንድ ጣታቸው ጫን አሉ። ከወንበሩ ዘልዬ ተነሣሁ። እዚያ ሥር ስካፎይድ የምትባል ትንሽ አጥንት አለች፤ ስትሰነጠቅ በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላትታይ ትችላለች። ለዚህ ነው ጥርጣሬ ካለ እጁ በጄሶ ወይም በድጋፍ ታስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ራጁ የሚደገመው፣ ወይም ኤምአርአይ (በመግነጢስ የሚነሣ ምስል) የሚታዘዘው። ደም በአብዛኛው የሚደርሳት በጣቶች በኩል ካለው ወገን ስለሆነ፣ መሐሏ ላይ ስትሰበር በክንድ በኩል ያለው ግማሽ ደም ሊያጣ ይችላል። የእኔዋም ሳትገጥም ቀርታ፣ ከዳሌዬ አጥንት ተወስዶ ተሞላና በብሎን ታሰረች።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ያንከራተተኝ ወረቀቱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ካርዴ ላይ የሰፈረው «የእጅ ሕመም» የሚል ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ ከየት እንደወደቅኩ ይቅርና የትኛው እጅ እንደሆነ እንኳ አልተጻፈም። የካሣ ጥያቄዬን የያዘው ሠራተኛ ካርዱን ወደ እኔ አዙሮ ሁለቱን ቃላት በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካካ «በሥራ ላይ የደረሰ ለመሆኑ የቱ ጋ ነው የተጻፈው?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ያዳነኝ የፈረቃ ኃላፊያችን በዕለቱ መዝገብ ላይ ያሰፈረው አንድ መስመር ነው።

ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትዪ የመጀመሪያ ቀን ካርድሽን ቅጂ አውጥተሽ አንብቢው። አወዳደቅሽ ካልተጻፈ ያው ሐኪም ዘንድ ተመልሰሽ በዛሬው ቀን ተጨማሪ ማስታወሻ እንዲጽፍልሽ ጠይቂ። የድሮውን አስተካክልልኝ ግን አትበዪው፤ የተደለዘ ካርድ ካልተጻፈበት ካርድ ይብሳል። አሠሪሽንም በጽሑፍ ካላሳወቅሽ ዛሬውኑ አሳውቂ። የማሳወቂያው ገደብ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ በአንዳንዱ አገር የቀናት ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ትከሻሽ። ራጅ የሚያሳየው አጥንትን እንጂ የጅማትን መበጠስ አይደለም። ክንድን የሚያነሡና የሚያዞሩ የአራት ጡንቻዎች ጅማቶች በክንድ አጥንት ራስ ላይ ተጣብቀዋል፤ ከእነርሱ አንዱ ቢበጠስ ራጁ ንጹሕ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ክንድሽን ራስሽ ማንሣት አቅቶሽ ሌላ ሰው ሲያነሣልሽ የሚወጣ ከሆነ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሪው፤ መበጠስን የሚያስጠረጥር ምልክት ነው። አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብለሽም ጠይቂው፤ ሳይውል ሳያድር። በአደጋ ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ ጅማት ቀዶ ሕክምና የሚያሻው ከሆነ ቶሎ መሠራቱ ይመረጣል። ሲቆይ ጅማቱ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ ጡንቻው ይመነምናል፣ ቦታውንም ስብ ይይዘዋል።

ሕክምናውና ካሣው የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ሐኪሞች መበጠሱ አዲስ ነው ወይስ የቆየ የሚለውን ከሚለዩባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የጡንቻው መመንመንና የስቡ መጠን ነው። ምርመራው ቶሎ ተደርጎ ጡንቻው ገና ሙሉ ሆኖ ከታየ «የቆየ ነው» ብሎ መከራከር ይከብዳል። ስምንት ወር ቆይተሽ ብትመረመሪ ግን በወደቅሽበት ቀን የተበጠሰውም የድሮ ሊመስል ይችላል። የካሣ ማመልከቻ ከመጻፍ በፊት ምርመራው ይቅደም የምለው ለዚህ ነው።

«በዕድሜ የመጣ» ያለው ሐኪም ዋሽቷል ማለት ግን አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ የትከሻ ጅማት መሳሳት፣ መቀደድም ጭምር፣ ምንም ሕመም በማይሰማቸው ሰዎች ላይ ይገኛል። ጥያቄው ሌላ ነው፦ በዋዜማው ታነሺው የነበረውን ካርቶን በማግስቱ ማንሣት ያቃተሽ ለምንድን ነው? በብዙ አገሮች ነባር ችግርን ያባባሰ የሥራ አደጋም ካሣ ያስገኛል። የራስሽ ሐኪም ደብዳቤ ይህንኑ መመለስ አለበት፤ ከአደጋው በፊት ምን ትሠሪ እንደነበር፣ እንዴት እንደወደቅሽ፣ ሲመረምርሽ ምን እንዳገኘ፣ ከዚህ ተነሥቶም ውድቀቱ ምን አስተዋጽኦ እንዳደረገ ከነምክንያቱ። «ሊሆን ይችላል» ብቻ የሚል ደብዳቤ እኔ ይዤ ሄጄ ተመልሼበታለሁ። ከዚህ በፊት ትከሻሽን አሞሽ የሚያውቅ ከሆነም አትደብቂ፤ መዝገቡ መውጣቱ አይቀርም፣ ያን ጊዜ እውነቱም አብሮ ይጠረጠራል።

«ቀላል ሥራ ትሥራ» የሚል ወረቀትም አትቀበዪ። ለእኔ አለቃዬ ቀላል ያለው 20 ኪሎ ማንሣትን ነበር። ስንት ኪሎ፣ እስከ የት ከፍታ፣ ለስንት ሳምንት የሚለው ይጻፍልሽ።

የዘላቂ ጉዳት መጠን በመቶኛ የሚወሰነው ሕክምናው አልቆ ለውጡ ሲቆም ነው፤ አሁን ለሚያቻኩልሽ ሰው አትፈርሚ። በእኔ ጊዜ መርማሪው በፕላስቲክ ማዕዘን መለኪያ የሁለቱንም እጆቼን መታጠፍ ለካ፣ ቀጥሎ መጨበጫ መሣሪያ ሰጥቶ እያንዳንዱን እጅ ሦስት ሦስት ጊዜ አስጨበጠኝ። ቁጥሮቹ በጣም ከተራራቁ ሰውየው አውቆ እየሰነፈ ነው ብለው ሊጠረጥሩ ይችላሉ፤ አቅምሽ የፈቀደውን ያህል ጨብጪ፣ አትጨምሪም አትቀንሺም።

ኤምአርአይ ከተነሣሽ ደግሞ ፊልሙን ወይም ሲዲውን ብቻ ይዘሽ አትውጪ። ምስሉን የሚያነብበው ሐኪም፣ የራዲዮሎጂስቱ፣ የተፈረመበት ንባብ ይሰጥሽ፤ ቀኝና ግራው በትክክል መጻፉንም እዚያው መስኮቱ ጋ ቆመሽ አረጋግጪ።