ነጥቡን ከማመናችሁ በፊት

ሰሞኑን አንዲት የሳይኮሎጂ ተማሪ «ጋሼ፣ ውሸት የለመደ ሰው ራሱ በሚሞላው መጠይቅ እንዴት ይመዘናል?» አለችኝ። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ።

ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ነው። ሁለት ታራሚዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሳይኮፓቲ ባህርያትን፣ ማለትም ጸጸትና ርኅራኄ ማጣትን የመሳሰሉትን፣ የሚለካ መጠይቅ ይሞላሉ። አንደኛው ቶሎ ጨርሶ፣ ፈገግ ብሎ እስክሪብቶውን መለሰልኝ። ሁለተኛው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነበር የሚያነበው። ሰው ሲጎዳ ይጸጽተው እንደሆነ የሚጠይቀው ጋ ሲደርስ ቆመ። «አይጸጽተኝም» ላይ ምልክት አደረገ። ሰረዘው። መልሶ አደረገ። ከዚያ ወረቀቱ ዳር ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «ማንን?» ብሎ ጻፈ።

ነጥቡ ሲደመር የሁለተኛው ከፍ አለ፣ የአንደኛው ዝቅ። ስብሰባ ላይ ቁጥሩ ተነበበና ወደ ቀጣዩ ስም ታለፈ። ዳር ላይ የጻፈውን ያነሳ አልነበረም። እናቱን ማለቱ ነው? የከዳውን ጓደኛውን? ሰውየው እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር፤ ጠርቶ መጠየቅ ይቻል ነበር። ፋይሉ ውስጥ የገባው ግን ቁጥሩ ብቻ ነው። ዛሬም ያንገበግበኛል።

የካናዳዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ የሮበርት ሄር የሳይኮፓቲ መመዘኛ እንዲህ አይሠራም። የሰለጠነ ባለሙያ ሰውየውን ያነጋግራል፣ ፋይሉን ያገላብጣል፣ ለ20 መስፈርቶች ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 ይሰጣል። ሰውየው የሚለውና ፋይሉ የሚለው ካልገጠመ ይታወቃል። ግን ጊዜ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው፣ ሰውየው ራሱ የሚሞላው የሌቨንሰን መጠይቅ ግን 26 ጥያቄ ብቻ ነው፤ የታሰበውም ለታራሚ ሳይሆን ከእስር ውጭ ላለው ሰው ነው።

ሁሉም የሚፈራው ውሸቱን ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ስሙ የማይጻፍና የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ ጭካኔውን ፊት ለፊት ይናገራል፤ የሚኮራበትም አለ። ጸጸት የሚባል ተሰምቶት የማያውቅ ሰው ግን ምኑን ከምን አነጻጽሮ ይመልስ? በመያዙ የተናደደውን ንዴት ጸጸት ሊለው ይችላል። ይህ ውሸት አይደለም። በሌላ በኩል ራሱን አብዝቶ የሚወቅስ ሰው አለ፤ ከሆነው በላይ ክፉ አድርጎ ይሞላል።

እናንተ የዛሬ ልጆች ደግሞ ለመፈረጅ ትቸኩላላችሁ። የተጣላችሁትን ሁሉ ሳይኮፓት ትሉታላችሁ፤ ስልክ ላይ በአምስት ደቂቃ በሞላችሁት መጠይቅ በራሳችሁም ላይ ትፈርዳላችሁ። ይህን ስል ግን እኛ አፍ አውጥተን ያልጠየቅነውን እንደምትጠይቁ አልክድም።

መጠይቅ ይቅር አልልም። ብዙ ሰው ለሚያጠና ተመራማሪ ትልቅ መሣሪያ ነው። የአንድ ሰው መፈታት የሚወሰንበት ከሆነ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ነጥቡን ጭራሽ ባላየው እመርጣለሁ።

ለተማሪዋም ይህንኑ ነግሬያታለሁ። ወረቀቱን ከመስጠትሽ በፊት መልሱን ማን እንደሚያየውና ምን እንደሚወሰንበት ለሰውየው ንገሪው። ይህን ሳታሳውቂ ያገኘሽውን ነጥብ ለጥናትም ቢሆን አትጠቀሚበት።