ሁለት ቀን በጎካርና፦ የትኛው ይቅደም?

በሕንድ ካርናታካ ግዛት፣ በኡታራ ካናዳ ወረዳ ቤተ መቅደሱን፣ ደኑንና ባሕሩን በሁለት ቀን ለማየት ከየት ልጀምር ላሉት፣ ማደሪያዎን በባሕር ዳሯ ከተማ በጎካርና አድርገው በመጀመሪያው ማለዳ ወደ ያና ደን ይሂዱ። እዚያ 120 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ጥቁር የኖራ ድንጋይ ቋጥኝ ከዛፎቹ በላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከሥሩ ባለው ዋሻ ውስጥም የሂንዱ አምላክ የሺቫ መቅደስ ስላለ ጫማዎን አውልቀው ይገባሉ።

በማግስቱ ጠዋት የማሃባሌሽዋርን ቤተ መቅደስ ይጎብኙ፤ ወንዶች ወደ ውስጥ የሚዘልቁት ከወገብ በላይ ልብሳቸውን አውልቀው ሲሆን፣ ሂንዱ ላልሆነ ሰው ውስጠኛው ክፍል አይፈቀድም። ከዚያ ከኩድሌ ወደ ኦም የባሕር ዳርቻ በኮረብታው ላይ በሚያልፈው የእግር መንገድ ይጓዙ። ግዙፍ የሺቫ ሐውልት ያለበትን የባሕር ዳር ከተማ ሙርዴሽዋርን ለሌላ ጊዜ ቢያቆዩት ይሻላል፤ ጥድፊያ የዚህን አገር ውበት ይነጥቃል።

አደራ የምልዎት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት ከሄዱ፣ ባሕሩ የተረጋጋ ቢመስልዎትም ሞገዱ ወደ ጥልቁ ስለሚጎትት ፈጽሞ አይዋኙ።