ማህበራችን የኛን ደሞዝ ትቶ ስለ ጡረታ ህግ ምን አገባው?

ጥያቄ፦ የመንግስት ሰራተኛ ነኝ፣ የሰራተኛ ማህበሩ መዋጮ በየወሩ ከደሞዜ ይቆረጣል፣ ማህበሩ ግን ስለ ጡረታና ስለ ጤና በጀት ነው የሚጮኸው። የኛ ጭማሪስ?

መልስ፦ ወዳጄ፣ የግል ድርጅት ሰራተኛ ከባለቤቱ ጋር ተደራድሮ ይጨርሳል፣ ያንተ አሰሪ ግን ህጉንም በጀቱንም የሚያወጣው ራሱ ስለሆነ ማህበሩ ፖሊሲውን ካልነካ ጭማሪው ከየት ይመጣል? ሆስፒታል ውስጥ ቅጥር ሲታገድ የቀረችው ነርስ ናት የሁለት ሰው ስራ የምትሸከመው፣ በሽተኛውም ወረፋ ላይ ይውላል፣ እና ይሄ የሰራተኛ ጉዳይ ነው የህዝብ? ሁለቱም ነው እኮ። መብቱም አለ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይኤልኦ (የዓለም የስራ ድርጅት) ኮንቬንሽን፣ ማለትም ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ቁጥር 151 የመንግስት ሰራተኞችን የመደራጀት መብት ይጠብቃል፣ በርግጥ የሚያስገድደው ያፀደቀውን አገር ብቻ ነው (እዚች ጋ ነው ብዙው የሚያመልጠው)። ቅሬታህ ግን ልክ ነው፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የደሞዝ ድርድሩን ቃለ ጉባኤ አሳዩን በላቸው፣ መዋጮ ከፋይ ነህ አይደል።