ማሰሪያው ጠፋ ብላችሁ ካሜራ አታስቀምጡ

ሰሞኑን አንድ የደሴ ልጅ ጥያቄ ላከልኝ። የአጎቱን የድሮ ካሜራ አግኝቷል፤ ባለ 120 ፊልም (ሰፊው የጥቅል ፊልም)፣ ከላይ ወደ ታች እያዩ የሚያነሱበት ዓይነት። ትራይፖድ ላይ የሚያስረው ዕቃ ግን የለም። "ጋሼ፣ ኦሪጅናሉ እስኪገኝ ሳጥኑ ውስጥ ላቆየው ወይ?" ይላል። ደሜ ፈላ። በልጁ አይደለም፣ በድሮ ነገር ነው።

ሥራውን የለመድኩት በደርግ ጊዜ፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ነው። ባለቤቱ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ ሮሌይፍሌክስ የሚባል ካሜራ ነበራቸው። ብራውንሽቫይግ፣ ጀርመን የተሠራ፣ ሁለት ሌንስ ያለው። ሰርግና የቡድን ፎቶ የሚነሳው በሱ ብቻ ነበር፣ እኔ እንኳን ላነሳበት አቧራውን የምጠርገውም ሲፈቀድልኝ ነው። አንድ ቀን ሙሽሮች ልናነሳ ወደ አዝዋ ገደል ወጣን። የደሴን ነፋስ ታውቁታላችሁ። ካሜራው ትራይፖዱ ላይ አልረጋ አላቸው። ጋሼ ፒንሳ አውጥተው ቡሎኑን ጥርቅም አደረጉት። ረጋ። ፊልሙ ሲታጠብ ግን በየፎቶው ጠርዝ ላይ ጥቁር መስመር ወጣ፣ ብርሃን ገብቷል። የሙሽራዋ እናት ያን ቀን ያወረዱብንን እርግማን ለናንተ አልጽፈውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ ካሜራ የታችኛው ክፍል ስስ ነው። ቡሎኑ ከልክ በላይ ሲስበው የኋላ በሩ ትንሽ ይጎብጣል። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ሮሌይፊክስ የሚባል ማሰሪያ ሠርቶለታል፤ ካሜራውን ከፊትና ከኋላ ይይዝና ጫናውን ያካፍላል። እኛ ጋ እሱ አልነበረም። ጋሼ በሩን እንደምንም አቃኑትና "ኦሪጅናሉ ይምጣ" ብለው ካሜራውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ጀርመን ዘመድ አላቸው፣ ዘመድየው ይልካል።

ያኔ ኮምቦልቻ የአሰብ መኪና መተላለፊያ ነበረች። በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደህ ስትደርስ ሙቀቱ ካፖርትህን ያስወልቅሃል። እዚያ የከባድ መኪና መካኒክ የሆነ ወዳጅ ነበረኝ። ታሪኩን ስነግረው "ለዚች ነው? አምጣልኝ!" አለ። ለጋሼ ነገርኳቸው። "የመኪና ሠራተኛ የጀርመን ካሜራ አይነካም" አሉኝ። አለቀ። ዘመድየው አልላከም። ዓመታት ሄዱ፣ ፎቶ ቤቱ ተዘጋ፣ ካሜራው ከቤት ዕቃ ጋር ተሸጠ። የሚቆጨኝ መሸጡ አይደለም። በነዚያ ዓመታት ስንት ሙሽራ፣ ስንት የወይዘሮ ስህን ተማሪ በዚያ ሌንስ መነሳት ሲችል በትንሿ ባለ 35 ሚሊሜትር ፊልም ካሜራ ተነስቶ ቀረ። ትልቅ አድርጉልን ብለው ሲመጡ ፊቱ አሸዋ አሸዋ ይላል።

በኋላ እኔ ያሺካ ማት 124 ጂ ገዛሁና ቀጥ ብዬ ወደ መካኒኩ ወረድኩ። መጀመሪያ ባለ 6 ሚሊሜትር ቡሎን ሞከረ። ትንሽ ዞረና ተቀረቀረ። ወዲያው አወጣውና "ይሄ የኢንች ነው" አለ። እውነቱን ነው። የካሜራ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ኢንች ነው፣ ማለትም 6.35 ሚሊሜትር፣ በአንድ ኢንች 20 ጥርስ። ካሜራ ጃፓን ይሠራ ጀርመን መለኪያው የኢንች ነው። ከአሮጌ አሜሪካን መኪና የተፈታ ቡሎን የሞላበት ጣሳ ነበረው። ከዚያ የመዘዘው አንዱ ውፍረቱ ልክ ሆኖ ጥርሱ ደቃቅ ነበር፣ በኢንች 28 የሆነው። እሱን በግድ ብታስገባው የካሜራውን ጥርስ ይበላዋል። ሌላ መዘዘ፣ ሁለቱን ቡሎኖች ጎን ለጎን አጋጥሞ ወደ ብርሃን አያቸውና ሻካራውን መረጠ። ከዚያ የክብሪት እንጨት ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ ጥልቀቱን በጥፍሩ ምልክት አደረገ። ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ቡሎኑን ካሜራው በሚቀመጥበት ፕሌት ውፍረት ላይ ያቺን ጨምሮ፣ ከዚያም ትንሽ አሳጥሮ ቆረጠው፤ ከረዘመ የካሜራውን ሆድ ይገፋል።

ፕሌቱ ከአሮጌ ስፖንዳ የተቆረጠ ወፍራም አሉሚኒየም ነው። የካሜራውን ሥር ሙሉ እንዲይዝ አድርጎ በሞረድ አስተካከለው፣ እንዳይዞር ፊት ለፊት ትንሽ ጠርዝ አስቀረለት፣ የቡሎኑን ራስ ከታች ቀበረው። በላዩ ከጫማ ቤት የመጣ ቆዳ። ትራይፖዱ የሚገባበትን ቀዳዳ በ5.1 ሚሊሜትር ትራፓኖ በስቶ ጥርስ አወጣለት። ሒሳቡ የሻይ ነበር። እስከ ዛሬ አለኝ።

የዛሬ ልጆች ዕቃውን በእጃችሁ ሳታገላብጡ ቴሌግራም ላይ ዋጋ ትጠይቃላችሁ። ትንሽ ያናድደኛል። ግን ፊልም አያያዝ ላይ ከኛ ትሻላላችሁ፣ እኛ ፊክሰር (የፊልም ማጽኛ ኬሚካል) እስኪያረጅ ነበር የምንጠቀመው።

እና አሠሩት። በቡሎን ጥርስ መለኪያ ካልሆነ ከትራይፖዳችሁ በተፈታ ቡሎን አስለኩት። የድሮ የሶቪየት ወይም የጀርመን ካሜራ ከሆነ ቀዳዳው ሰፊው ሊሆን ይችላል፣ ሦስት ስምንተኛ ኢንች፣ 16 ጥርስ። ለሱ ማጥበቢያ ቀለበት አለ፣ ቶርኖ ቤትም ይሠራዋል። በ3ዲ ፕላስቲክ ማተሚያ ላሳትም የሚል ካለ፣ ተራው የማተሚያ ፕላስቲክ (ፒኤልኤ) 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ትታችሁት ሂዱና ታዩታላችሁ።

ሃሰልብላድ ካሜራ የያዘ ግን አያሠራ። ኦሪጅናሉን ይግዛ! ጋሼን ስወቅስ ቆይቼ እንዲህ ማለቴ ያስቃል፣ አውቃለሁ። የሃሰልብላድ እግር ተንሸራቶ የሚገባበት ማሰሪያ አለው፤ እዚያ ላይ ትንሽ ልቅ ከሆነ ካሜራው መሬት ነው። ማሚያ አርቢ 67 ያላችሁ ደግሞ ባለ ኤል ቅርጽ ማሰሪያ አትፈልጉ፣ ኋላው ራሱ ይዞራል። ኤል የሚያስፈልገው እንደ ፔንታክስ 67 ላለው ነው፣ ለቁም ፎቶ ካሜራውን በጎኑ ማዞር ግድ ስለሆነ። እሱን ወፍራም አድርጋችሁ አሠሩ፣ መስታወቱና መዝጊያው ሲመቱ ያንቀጠቅጣል።

ጋራዥ ስትሄዱ ካሜራውን ብቻ ሳይሆን ትራይፖዱንም ይዛችሁ ሂዱ። ፊልሙን አስቀድማችሁ አውጡ፣ የብረት ብናኝ ባለበት ጀርባውን አትክፈቱ። አርብ በጁምዓ ሰዓት ደግሞ አትሂዱ፣ ዝግ ነው።