በአንድ ቀን ሦስት ጨዋታ፤ የታዳጊ ሴቶች ቡድን በበጋ ውድድር

ትምህርት ሲዘጋ የታዳጊ ሴቶች የእግር ኳስ ውድድሮች ይደራረባሉ። ጨዋታዎቹ አጫጭር ናቸው፤ በአንድ ቀን ግን ሁለት ወይም ሦስት ይሆናሉ፣ ፀሐዩም አለ። በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በዚሁ ላይ ያተኮሩ ስለሆኑ ዓምዱን ለእነሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ከ13 ዓመት በታች ቡድን አሠለጥናለሁ። 13 ልጆች አሉኝ። ውድድሩ ዘጠኝ ለዘጠኝ ነው፤ አንዱ ጨዋታ ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ ሲሆን በቀን ሦስት ጨዋታ አለን። ቅያሪ ገደብ የለውም፣ የወጣችም ተመልሳ መግባት ትችላለች። ጠንካሮቹን ሳላስወጣ ላጫውት ወይስ ለሁሉም ላዳርስ?

መልስ፦ ያዳርሱ። ምክንያቱ ርኅራኄ ብቻ አይደለም፣ ሒሳቡም ያስገድዳል። ግብ ጠባቂዋን ትተን 12 ልጆች ለስምንት ቦታ አሉ። ስምንት ቦታ በ30 ደቂቃ ሲባዛ 240 ደቂቃ ነው፤ ለ12 ሲካፈል ለእያንዳንዷ 20 ደቂቃ ይደርሳታል። በሦስት ጨዋታ 60 ደቂቃ መሆኑ ነው። ሳትወጣ የምትጫወት ልጅ ግን በዚያው ቀን 90 ደቂቃ ትሮጣለች፤ ለፍጻሜ የሚያስፈልግዎትም የእሷ እግር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 12ቱን አራት አራት አድርገው በሦስት ይክፈሏቸው፤ ሀ፣ ለ እና ሐ ይበሏቸው። እስከ 10ኛው ደቂቃ ሀ እና ለ፣ ከዚያ እስከ 20ኛው ለ እና ሐ፣ እስከ መጨረሻው ሐ እና ሀ ይጫወታሉ። በሚቀጥለው ጨዋታ በለ እና ሐ ይጀምሩ፤ በሦስተኛው በሐ እና ሀ። እንዲህ ከሆነ ሁልጊዜ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የምትጀምር ልጅ አትኖርም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በክፍፍሉ ላይ ነው። ጎበዞቹን በአንድ ወገን፣ ጀማሪዎቹን በሌላው ያደርጋሉ፤ ከዚያ ጀማሪዎቹ ባሉበት አሥር ደቂቃ ሁለት ግብ ይቆጠርባቸውና ዕቅዱ እዚያው ይፈርሳል። በእያንዳንዱ አራት ውስጥ አንድ ተከላካይ፣ አንድ አማካይ፣ አንድ አጥቂ እና በሁለት ቦታ መሰለፍ የምትችል አንድ ልጅ ይኑሩ። ሁለት ምድቦች ሲገናኙ ከሁለቱ ባለ ሁለት ቦታ ልጆች አንዷ ወደ ተከላካይ፣ ሌላዋ ወደ አማካይ ትሄድና 3-3-2 አሰላለፍ ይሟላል።

ሁለተኛው ስሕተት ቅያሪው ራሱ ነው። አራት ልጆች በአንዴ ሲለወጡ ማን ማንን እንደያዘች ይጠፋል፤ ግብም የሚገባው ያኔ ነው። ከቅያሪው አንድ ደቂቃ በፊት አራቱ በመሀል መስመር አጠገብ ቆመው እያንዳንዷ የምትተካትን ልጅ ስም ጮክ ብላ ትናገር። ሰዓት የሚይዘው ሰው ከአሠልጣኙ ሌላ መሆን አለበት፤ ጨዋታ እየመራ ሰዓት የሚጠብቅ አሠልጣኝ 10ኛውን ደቂቃ በ14ኛው ያስታውሰዋል። ቅያሪ የሚፈቀደው መቼ እንደሆነም አስቀድመው ይጠይቁ፦ አንዳንድ ውድድሮች ኳስ በቆመ ቁጥር፣ አንዳንዶቹ በራስ የእጅ ውርወራ ወይም በግብ ምት ጊዜ ብቻ ይፈቅዳሉ።

በጥሎ ማለፍ ጨዋታ ድርሻው ቢዛባ አንቃወምም። ሆኖም ማንም ከአሥር ደቂቃ በታች አትጫወት።

ጥያቄ፦ በምድቡ ከሌላ ቡድን ጋር በነጥብ እኩል ብንሆን ማን ያልፋል? መለያ ምት ከመጣስ? (የቡድን መሪ)

መልስ፦ ሁሉም ውድድር አንድ ዓይነት ሕግ የለውም። አንዳንዱ መጀመሪያ የግብ ልዩነትን፣ አንዳንዱ እርስ በእርስ የተገናኙበትን ውጤት ያያል። በታዳጊዎች ውድድር ከአንድ ጨዋታ የሚያዘው የግብ ልዩነት ላይ ጣሪያ የሚያስቀምጡም አሉ። ይህን ሳያውቁ በሰፊ ልዩነት እየመሩ አጥቂዎችን እስከ መጨረሻ ማስሮጥ እግር ማባከን ነው። የውድድሩ ደንብ ታትሞ በቡድን መሪው ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

በመደበኛው ሕግ መለያ ምት ለእያንዳንዱ ቡድን አምስት ነው፤ እኩል ከሆኑ አንድ አንድ እየመቱ ይቀጥላሉ። የሚመቱት ጨዋታው ሲያልቅ ሜዳ ላይ የነበሩት ናቸው፣ ግብ ጠባቂዋም ጭምር። ስለዚህ ከላይ ባየነው አከፋፈል የመጨረሻውን አሥር ደቂቃ የሚጫወቱት እነማን እንደሆኑ ከመለያ ምቱ ጋር አያይዘው ያስቡ፤ ምርጥ መቺዎ ወንበር ላይ ሆና ብታልቅ መግባት አትችልም። አንደኛው ቡድን በቀይ ካርድ ወይም በጉዳት ከጎደለ ሌላው ቁጥሩን እኩል እስኪሆን ይቀንሳል። ግብ ጠባቂዋ ኳሱ በሚመታበት ቅጽበት ቢያንስ የአንድ እግሯ ከፊል በመስመሩ ላይ፣ ትክክል ከመስመሩ በላይ ወይም ከመስመሩ ኋላ መሆን አለበት።

ልምምዱን በሥልጠና ማብቂያ፣ ሲደክማቸው ያድርጉት፤ እያንዳንዷ ከመሀል ክብ ተነሥታ ብቻዋን ተራምዳ መጥታ ትምታ። በትንሽ ሜዳ የፍፁም ቅጣት ምት ነጥቡ ከ11 ሜትር ሊቀርብ ስለሚችል በጠዋቱ በእርምጃ ይለኩት።

ጥያቄ፦ ልጄ 12 ዓመቷ ነው። በሙቀት ቀን በሦስት ጨዋታ መካከል ምን ትብላ፣ ምን ያህልስ ትጠጣ? (እናት)

መልስ፦ ከመጀመሪያው ጨዋታ ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብላ በደንብ ትብላ፦ ሩዝ፣ ዳቦ ወይም ፓስታ የበዛበት፣ ቅባት ያነሰበት። በጨዋታዎቹ መካከል ያለው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ካነሰ ሙዝ ወይም ደረቅ ዳቦ ይበቃል። ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ካለ ትንሽ ምግብ ትብላ፤ መጠበስ የበዛበት ግን ሆድ ውስጥ ይቆያልና ይቅር። ብዙ ልጆች የሚወድቁት በምሳ ሰዓት ነው፤ ሁለተኛውን ጨዋታ ሲያሸንፉ ቤተሰብ ደስ ብሎት ያጠግባቸዋል፣ ሦስተኛው ላይ እግራቸው አይንቀሳቀስም።

ውኃውን በተመለከተ፣ ከጨዋታው ሦስትና አራት ሰዓት በፊት በአንድ ኪሎ ክብደቷ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሊትር ትጠጣ፤ 45 ኪሎ ከሆነች ከ225 እስከ 315 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ስትጫወት፣ ከ9 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመከረው በየ20 ደቂቃው ከ100 እስከ 250 ሚሊ ሊትር ነው። ጎረምሶች ከዚያ በላይ ያስፈልጋቸዋል፤ እንደ ላባቸው በሰዓት ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ሊደርስ ይችላል። ለአንድ ጨዋታ ንጹሕ ውኃ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ከሆነ ግን በላብ የሚወጣውን ጨው ለመተካት ጨው ያለው ምግብ ወይም የስፖርት መጠጥ ይጨመር፤ ውኃ ብቻ ከመጠን በላይ መጋትም የራሱ አደጋ አለው።

ክብደትን ከጨዋታ በፊትና በኋላ መመዘን የሚመክሩ አሉ። ልጃገረዶችን በጓደኞቻቸው ፊት ሚዛን ላይ ማቆም ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ሽንቷ ፈዛዛ ቢጫ መሆኑን ራሷ እንድታይ ማስተማር ይሻላል።

ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ስለሚፈልግ ልምምዱ ቀዝቃዛውን ሰዓት ብቻ እየመረጠ ከቆየ ልጆቹ ውድድሩ ላይ ይቸገራሉ። ሰው ሠራሽ ሣር ፀሐይ ሲያርፍበት ከተፈጥሮ ሣር በብዙ ይሞቃል። የእግር ኳስ ሕጉ ዳኛው ለማቀዝቀዣ ከ90 ሰከንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ጨዋታ እንዲያቆም ይፈቅዳል፤ የቡድን መሪው ጨዋታው ሳይጀመር ይጠይቅ።

አንዲት ልጅ ግራ ከተጋባች፣ ንግግሯ ከተምታታ ወይም ከተንገዳገደች ድካም ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። አምቡላንስ እየተጠራ ወዲያው ማቀዝቀዝ ይጀመር፦ የሚቻል ከሆነ ከአንገት በታች በበረዶ ውኃ ውስጥ፣ ካልሆነ በበረዶ ውኃ የተነከሩ ፎጣዎችን መላ ሰውነቷ ላይ እያፈራረቁ። አእምሮዋ ካልጠራ የሚጠጣ ነገር አትስጧት።

ጥያቄ፦ 14 ዓመቴ ነው፣ ተከላካይ ነኝ። የሴቶች ጉልበት ቶሎ ይጎዳል ይላሉ። እውነት ነው? ምን ላድርግ?

መልስ፦ እውነትነት አለው። የጉልበትን አጥንቶች ከመሀል አቋርጦ የሚይዘው የፊተኛው ጅማት በሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶቹ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያህል ይበጠሳል። አብዛኛውን ጊዜ ማንም ሳይነካሽ ነው፦ ዘለሽ ስታርፊ፣ ወይም ሮጠሽ መጥተሽ በድንገት አቅጣጫ ስትቀይሪ ጉልበትሽ ወደ ውስጥ ይታጠፋል።

መከላከያው ፊፋ 11+ የተባለው የማሟሟቂያ ፕሮግራም ነው። 15 እንቅስቃሴዎች አሉት፣ 20 ደቂቃ ይፈጃል፦ ስምንት ደቂቃ ዝግ ያለ ሩጫ፣ አሥር ደቂቃ የጥንካሬ፣ የዝላይና የሚዛን ሥራ፣ ሁለት ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ልጃገረዶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት ፕሮግራሙን የሠሩት ቡድኖች ጉዳት በሲሶ ያህል ቀንሶ፣ ከባዱ ደግሞ በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል።

ሙሉውን በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ በልምምድ ላይ ሥሩት። በጨዋታ ቀን የመሀሉ የጥንካሬ ክፍል ይቀራል፤ ሁለቱ የሩጫ ክፍሎች ይበቃሉ። ውድድሩ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው መጀመር ብዙ አይጠቅምም። ከእንቅስቃሴዎቹ ከባዱ ተንበርክከሽ፣ ጓደኛሽ ቁርጭምጭሚትሽን ይዛልሽ ቀስ ብለሽ ወደፊት የምትወድቂበት ነው፤ ጀማሪ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ትሠራዋለች። ከአምስት በላይ በመጀመሪያው ቀን የሠራች ልጅ በማግሥቱ ደረጃ መውረድ ያቅታታል። በዝላዩ ላይ ስታርፊ ጉልበትሽ ከእግር ጣቶችሽ ትክክል ይሁን፤ አንዷ ስትዘል ሌላዋ ከፊት ቆማ ትይ።

ጉልበትሽ ድምፅ አሰምቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካበጠ፣ መራመድ ብትችዪም ለዚያ ውድድር አበቃሽ። ወጌሻ እንዲያሸው ሳትፈቅጂ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ቁምጣችን ነጭ ነው። የወር አበባ ላይ ያሉ ልጆች መጫወት ይጨንቃቸዋል። (ረዳት አሠልጣኝ)

መልስ፦ የቁምጣውን ቀለም ይቀይሩ። የእንግሊዝ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ነጩን ቁምጣ በሰማያዊ ተክቷል። ከቁምጣው ሥር የሚለበሰው ጠባብ ሱሪ ከቁምጣው ዋና ቀለም ጋር መመሳሰል ስላለበት ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ሁሉንም ያቀላል። በመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳው ውስጥ ሞዴስ፣ ትርፍ የውስጥ ሱሪና አንድ ትርፍ ቁምጣ ይኑር፤ ልጆቹ ሳይጠይቁ የሚወስዱበት ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። ደሟ በጣም የሚበዛና ሁልጊዜ የምትደክም ልጅ ካለች የደም ምርመራ ታድርግ፤ ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጃገረድ በቀን 15 ሚሊ ግራም አይረን ያስፈልጋታል፣ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ደግሞ ወደ ሰውነት የሚገባውን አይረን ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ዳኛ በሂጃብ እና በጉትቻ ምክንያት ሊያስወጣ ይችላል?

መልስ፦ ሂጃብ ይፈቀዳል። ጥቁር ወይም ከማሊያው ዋና ቀለም ጋር አንድ መሆን፣ በቡድኑ ውስጥ ሁሉም የለበሱት መመሳሰል፣ ከማሊያው ጋር አለመያያዝ አለበት፤ መርፌ ቁልፍም የለበትም። ጉትቻ ግን በፕላስተር ተሸፍኖም አይፈቀድም። ጆሮዋን አዲስ የተበሳች ልጅ ጉትቻውን ማውጣት ስለማትችል ከውድድሩ በፊት ባሉት ሳምንታት ባትበሳ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በጠዋቱ ጨዋታ ከሌላ ልጅ ጋር በጭንቅላት የተጋጨች ተጫዋች «ደኅና ነኝ» ካለች ከሰዓት በኋላ ትጫወት?

መልስ፦ ከግጭቱ በኋላ ራስ ምታት፣ መፍዘዝ፣ ማቅለሽለሽ ወይም የተጫወተችውን መርሳት ከታየባት በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አትመለስም፤ ምልክቱ በአሥር ደቂቃ ቢጠፋም። ለአንድና ለሁለት ቀን ሩጫም ከባድ የስልክ አጠቃቀምም ቀንሳ ትረፍ፤ ወደ ልምምድ የምትመለሰው ሐኪም አይቷት ደረጃ በደረጃ ነው። የጠፋውን ደቂቃ ለመሸፈን ከላይ ባለው አከፋፈል ከሌሎቹ ሁለት ምድቦች ባለ ሁለት ቦታ የሆኑት ልጆች በየጨዋታው እያንዳንዳቸው አሥር ደቂቃ ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ ወላጆች ሜዳ ላይ ቀድመን ደርሰን ምን እንርዳ?

መልስ፦ የሚንቀሳቀሱትን የግብ ብረቶች ገፋ አድርጋችሁ እዩ። ወደፊት የሚያዘነብል ከሆነ ከኋላ በችካል ወይም በአሸዋ ከረጢት ሳይታሰር ማሟሟቂያ አይጀመር፤ በበጋ ውድድር ሜዳዎቹ በአንድ ሌሊት ስለሚዘጋጁ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ልጆችም በአግዳሚው ላይ እንዳይንጠለጠሉ አንድ ሰው እዚያው ይቁም።