ስኳር የለባትም፣ ታዲያ ቁስሏ ለምን አይድንም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እናቴ 69 ዓመቷ ነው። ግራ እግሯ ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቷ ትንሽ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል ቁስል ከወጣባት ዓመት አልፎታል። ሲጀምር ጭረት ነበር፣ አሁን መዳፍ ያክላል። ስኳር ተመርምራ የለባትም። ጤና ጣቢያ በሄድን ቁጥር አሞክሳሲሊን ይሰጡናል፣ ትንሽ የሻረ ይመስልና ተመልሶ ያመረቅዛል። ጎረቤት ደግሞ «እንክብሉን ከፍታችሁ ዱቄቱን ነስንሱበት» ብሎን እሱንም እያደረግን ነው። አሁን አንድ ዘመድ ቁስሉ ስለተቆጣ ዳይክሎፌናክ ትውሰድ ይላል። ልስጣት? (ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ዳይክሎፌናኩን አትስጫቸው። በዚህ ዕድሜ ኩላሊት ይጎዳል፣ ጨጓራ ያደማል፣ ጨውና ውኃ ሰውነት ውስጥ ስለሚያስቀር ደግሞ እግሩን ጭራሽ ያሳብጠዋል። ዘመድሽ ግን ግማሹን አውቆታል። ቁስሉ እውነትም ተቆጥቷል። ማን አስቆጣው ነው ጥያቄው።

ሳላያቸው አልፈርድም፣ ግን ቦታው ራሱ ይናገራል። እዚያ ቦታ ወጥቶ ወራት የሚቆይ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከደም መልስ ችግር ነው። ደምን ከእግር ወደ ልብ የሚመልሱት ስሮች ውስጥ ወደ ላይ ብቻ የሚያሳልፉ ትናንሽ ክዳኖች አሉ። ዕድሜ፣ ተደጋጋሚ እርግዝና፣ ቆሞ መዋል፣ ውፍረት ወይም ድሮ እግር ውስጥ የረጋ ደም ያበላሻቸዋል። ሰው ዝም ብሎ ሲቆም ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ያለው የደም መልስ ግፊት 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። መራመድ ሲጀምር ባቱ ደሙን ወደ ላይ ስለሚገፋው ወደ 30 ይወርዳል። ክዳኑ የተበላሸበት ሰው ቢራመድም ብዙ አይወርድለትም።

ግፊቱ እንደዚያ ሆኖ ሲከርም ከቀጫጭኖቹ ስሮች ውኃና ደም ወደ ሥጋው ይሰርጋል። ቁስሉ ዙሪያ ቆዳው ጠቁሮና ጠንክሮ ካየሽ፣ ያ ጥቁረት በከፊል ከሰረገው ደም የቀረ ብረት ነው። ይህን ለማጽዳት ነጭ የደም ሴሎች ይመጣሉ፣ ግን ሠርግ ተጠርቶ መልሱም ካለፈ በኋላ አልወጣ እንዳለ እንግዳ እዚያው ይቀመጣሉ። የሚለቁት ኢንዛይም የሞተውን ሥጋ ብቻ ሳይሆን አዲስ የሚበቅለውንም ይበላዋል። ሰውነት ይሠራል፣ እነሱ ያፈርሳሉ። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ብግነት፣ ይኸው የቁስሉ ቁጣ፣ ቶሎ አይበርድም።

አሞክሳሲሊኑ ግፊቱን አያወርደውም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ክፍት ቁስል ላይ ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ነው፣ መገኘቱ ብቻ መድኃኒት አያስውጥም። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ሕመሙ ሲብስ፣ መግሉ ሲበዛ፣ ትኩሳት ሲመጣ ወይም ዙሪያው ሲቀላና ሲሞቅ ነው። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይሽ ይችላል፣ ስለዚህ በእጅሽ ጀርባ ንኪና ከሌላው እግር ጋር አነጻጽሪ። ዱቄቱን ግን ዛሬውኑ አቁሙ። ቅርፊት ይሠራል፣ ቆዳ ያስቆጣል፣ ባክቴሪያውንም መድኃኒት ያስለምደዋል።

ዋናው ሕክምና እግሩን አጥብቆ ማሰር ነው። አዎ፣ ፋሻ። ቁርጭምጭሚት ላይ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ የሚጫን። ግን እባክሽ፣ ሳይመረመሩ እንዳታስሪያቸው! መጀመሪያ ደም ቅዳው፣ ማለትም ደምን ከልብ ወደ እግር የሚያደርሰው ስር፣ ጤነኛ መሆኑ ይታይ። የቁርጭምጭሚቱ ግፊት በክንዱ ግፊት ተካፍሎ ከ0.8 በታች ከወጣ በዚህ ልክ አይታሰርም፣ ከ0.5 በታች ከሆነ ጭራሽ አይሞከርም፣ እግሩ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላልና። ይህንን የሚለካ ሆስፒታል ጻፉልን በሉ፣ ሪፈር መጠየቅ መብታችሁ ነው። ለደም ግፊት አምሎዲፒን የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሩት፣ እሱም እግር ያሳብጣል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።

ማሰር ይቻላል ከተባለ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ እግሩ ሳያብጥ ነው የሚታሰረው። ከጣቶቹ ሥር ተነስተሽ፣ ተረከዙን ሸፍነሽ፣ እስከ ጉልበት ሥር። ብዙ ሰው ተረከዙን ይዘለዋል፣ ከዚያ እብጠቱ እዚያ ይቋጠራል። ጣታቸው ከደነዘዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ወዲያው ፍቺው። ቁስሉን በንጹሕ ውኃ እጠቢው፣ በቃ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አያስፈልግም፣ አዲሱን ሥጋ ያቃጥለዋል። ቀን ሦስት አራት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ጋደም ብለው እግራቸውን ከልባቸው ከፍ ያድርጉ፣ ዱካ ላይ ማሳረፍ ከልብ በላይ አይደለም። ይራመዱ። ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል ይብሉ።

የተበላሸውን ስር በሙቀት ወይም በመርፌ በሚሰጥ አረፋ የሚዘጋ ሕክምናም አለ። በእንግሊዝ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ላይ፣ ከፋሻው ጋር ቶሎ የተሠራላቸው ሰዎች ግማሾቹ በ56 ቀን ድነዋል፣ ሕክምናው የዘገየላቸው በ82። በደንብ ታስሮም ሦስት ወር አልፎት ካልጠበበ፣ ወይም ጠርዙ ካበጠና ከጠጠረ፣ ናሙና ይወሰድለት። ከርሞ ወደ ካንሰር የሚለወጥ ቁስል አልፎ አልፎ ያጋጥማል።

ጥያቄ፦ አባቴ ስኳር አለበት፣ ውስጥ እግሩ ላይ ቁስል ወጣ። አያመኝም ስለሚል ለጠበል ቀጠሮ ይዘናል። (ከአዳማ)

መልስ፦ አለማመሙ ነው የሚያስፈራው። ስኳር ነርቩን አደንዝዞታል ማለት ነው። ጠበሉ ይደርሳል፣ ሐኪም ቤት ግን ዛሬ ሂዱ። እስከዚያ በዚያ እግሩ አይርገጥ፣ ትኩስ ውኃ ውስጥ አይንከር፣ ከላይ የጻፍኩትን ፋሻም አትሞክሩበት።

ጥያቄ፦ 58 ዓመቴ ነው፣ ፓርኪንግ ውስጥ ቆሜ ነው የምሠራው። የእግሬ ቁስል ድኗል። ጥብቁን ካልሲ መቼ ነው የማወልቀው? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ማታ ስትተኛ። ጠዋት ትመልሰዋለህ፣ ሁልጊዜ። ቁስሉ ዳነ እንጂ ክዳኖቹ አልተጠገኑም፣ ካልሲውን የተዉ ሰዎች ቁስሉ ብዙ ጊዜ ይመለስባቸዋል። ላስቲኩ ስለሚላላ በየ6 ወሩ ገደማ አዲስ ግዛ፣ ኢንሹራንስህ ይሸፍን እንደሆነም ጠይቅ። እግር ውስጥ ለማስገባት ከከበደህ የጎማ ጓንት አድርገህ ሳበው፣ አይንሸራተትም።